የኋላው ክፍል ዋይፋይ፦ የአራት ሳምንት ማስታወሻ

ቀን 1፣ ቅዳሜ

ራውተሩ ያለው ሳሎን ነው። እናቴ የምትተኛው ኋላ ነው፤ በመሃል ሁለት ግንብና አንድ ኮሪደር አለ። ቪዲዮ ስትደውል ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ዛሬም ሞተ» ትለኛለች። አጥፍቼ አበራዋለሁ። አሥር ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ያው ነው።

አዲስ ራውተር ገዛሁ። ዋይፋይ 6 የሚባለው ነው፤ በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም ያሰራጫል። አሮጌው ዋይፋይ 4 ነበር፣ 2.4 ብቻ። በዚህ ሁሉ ሥራ ከፍተኛው ወጪ ይሄ ራውተር ነው፤ የሌላው ሁሉ ተደምሮ ሩቡን አይሆንም።

የመጀመሪያውን ስህተት ካርቶኑን ሳልከፍት ሠራሁ። አሮጌውን ወደፊት ለሌላ ነገር እጠቀምበት ይሆናል ብዬ አግራፍ ዘርግቼ የሪሴት ቀዳዳው ውስጥ አስገባሁና አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩት። መብራቶቹ አንዴ ብልጭ ብለው ጠፉ። ንጹሕ ሆነ። አዲሱን ሰክቼ ቅንብሩን ስጀምር የፒፒፒኦኢ፣ ማለትም ኢንተርኔት አቅራቢው ለመስመሩ የሚሰጠውን መግቢያ፣ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ጠየቀኝ። እነሱ ደግሞ የነበሩት አሁን ባጸዳሁት ራውተር ውስጥ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ የለም፣ ስልክ ላይ የለም።

ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ደወልኩ። ሰኞ ይደውሉ ተባልኩ። ቤቱ ሁለት ቀን ያለ ኢንተርኔት ሊያድር ነው፣ ጥፋቱም የማንም አይደለም፣ የኔ ነው።

ቀን 3፣ ሰኞ

ፓስወርዱ ተገኘ። ሁለቴ እምቢ አለ፤ አንዱን ትልቅ ፊደል ትንሽ አድርጌ ጽፌው ነበር። በሦስተኛው ገባ። አሁን በወረቀት ተጽፎ ራውተሩ ታች ላይ በናስትሮ ተለጥፏል።

ሌላው ቶሎ አለቀ። የአድሚኑን ፓስወርድ ቀየርኩ። ፈርምዌሩን፣ ማለትም የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር፣ አዘመንኩ። ደብሊውፒኤስን አጠፋሁ። ይሄ አንዲት ቁልፍ ተጭነህ ወይም ስምንት አኃዝ ፒን አስገብተህ የምትገናኝበት ነው። ስምንት አኃዝ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ራውተሩ ግን ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያጣራው፣ የመጨረሻዋ አኃዝ ደግሞ ከሌሎቹ የምትሰላ ማረጋገጫ ናት። ስለዚህ ለሰርጎ ገብ የሚቀረው ሙከራ 11,000 ብቻ ነው። ጉዳዩ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነው፣ አዲሱም ራውተር ግን ከካርቶኑ የወጣው ደብሊውፒኤሱ በርቶ ነው።

የዋይፋዩን የደህንነት ዓይነት አዲሱን ደብሊውፒኤ3 ብቻ አድርጌው ነበር። አሮጌዋ ፕሪንተር ስሙን ታያለች፣ መግባት ግን አልቻለችም። ወደ ደብሊውፒኤ2 እና 3 ቅልቅል መለስኩት፣ ገባች።

ቀን 5፣ ረቡዕ

ዛሬ ልኬት ነው። የስልክ ላይ የዋይፋይ መለኪያ አፕ ጫንኩ፤ ውጤቱን በዲቢኤም፣ በምልክት ኃይል መለኪያ፣ ይሰጣል። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ስለሆነ መጀመሪያ ያደናግራል። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። በ3 ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፣ በ10 ሲወርድ አንድ አሥረኛ ቀረ ማለት ነው። ለቪዲዮ ጥሪ ከ-67 ባይወርድ ይመከራል።

በ5 ጊጋኸርዝ ሳሎን -41፣ ኮሪደር -63፣ እናቴ ክፍል -82። በ2.4 ሳሎን -36፣ ኮሪደር -54፣ እናቴ ክፍል -73።

ማለትም አዲሱ ራውተር በፈጣኑ በ5 ጊጋኸርዝ እናቴ ጋ አይደርስም ማለት ይቻላል። 5 ጊጋኸርዝ ግንብ አይወድም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ሳሎን ለተቀመጠ ሰው ነው።

ቀጥዬ ቻናል መረጥኩ። አፑ የጎረቤቶቹን ዋይፋይ ሁሉ ያሳያል፤ ቻናል 6 ላይ ዘጠኝ፣ ቻናል 1 ላይ አራት፣ ቻናል 11 ላይ ሦስት። 3 ላይ ግን ማንም የለም። ብልጥ ሆኜ 3 ላይ አደረግኩት። ባሰበት። ፒንጉ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) 8 ሚሊሰከንድ የነበረው 60 እና 90 ይል ጀመር።

ምክንያቱን ማታ አንብቤ ገባኝ። ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ነው። አንድ ዋይፋይ ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት ይይዛል። ስለዚህ 3 ላይ የተቀመጠ የ1ንም የ6ንም ጫጫታ ይሰማል። ይባስ ብሎ አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች ተራ ይጠባበቃሉ፣ ከጎን ቻናል የሚመጣው ግን ለእነሱ ዝም ብሎ ረብሻ ነው። 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው ሳይነካኩ የሚቀመጡት። 11 ላይ አደረግኩት፣ ስፋቱንም 20 ላይ ቆለፍኩት። ፒንጉ ወደ 8 ተመለሰ።

ቀን 6

ቦታ መቀየር። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ቁም ሳጥኑ ሥር ነበር የሚቀመጠው፤ ለዓይን አያምርም ተብሎ የተደበቀ። ቴሌቪዥን ማለት ለሬዲዮ ሞገድ ትልቅ ቆርቆሮ ነው። አውጥቼ በኮሪደሩ በር በኩል ካለው መደርደሪያ አናት ላይ ሰቀልኩት። አንቴናዎቹን ወደ እናቴ ክፍል ጠቁሜያቸው ነበር፣ እንደ ጣት። ልክ አይደለም። እንዲህ ያለው አንቴና የሚያሰራጨው ወደ ጎኑ ነው፣ ጫፉ በጠቆመበት አቅጣጫ በጣም ትንሽ ነው የሚወጣው። ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው።

እናቴ ክፍል 2.4 ላይ ከ-73 ወደ -67 መጣ። ነፃ ስድስት ዲቢ፤ አራት እጥፍ ኃይል።

አንዲት ነገር ብቻ፦ የአዲሱ ራውተር አዳፕተር ገመዱ አጥሮ መደርደሪያው ጋ አልደረሰም። የአሮጌው ረጅም ነው፣ ጫፉም ገጠመ፣ እሱም 12 ቮልት ይላል። በእሱ ሰካሁት።

ሳምንት 2

እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ችግር ደወለች። አራተኛው ቀን ማታ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ «ዋይፋይ ጠፋ!» አለ። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ተመለሰ። በማግስቱም ማታ እንዲሁ፣ ያውም ሁለቴ። ቀን ቀን ምንም የለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት 5 ጊጋኸርዙን ነው። ባዶ ነው ብዬ ቻናል 100 ላይ አድርጌው ነበር። ያ ክልል ራዳርም የሚጠቀምበት ነው፤ ራውተሩ ከማሰራጨቱ በፊት አንድ ደቂቃ ማዳመጥ አለበት፣ ራዳር ከሰማ ደግሞ ለቆ ይወጣል፣ ግማሽ ሰዓትም አይመለስበትም። ተገኘ አልኩ። ወደ 36 ቀየርኩት። ማታ ያው ጠፋ። ነገሩን ቀዝቀዝ ብዬ ባስብ ኖሮ እዚህ ግምት ላይ አልደርስም ነበር፤ 2.4ም አብሮ ነበር የሚጠፋው።

ቀጥዬ ቻናል ቀየርኩ፣ የሥርጭት ኃይል ቀየርኩ፣ የዋይፋዩን ስም ሳይቀር ቀየርኩ። አራት ማታ እንዲህ አለፈ። ሁሉንም በአንድ ላይ ስለምቀያይር የትኛው ምን እንዳመጣ አላውቅም።

በአምስተኛው ማታ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰካሁና ሁለት ፒንግ ጎን ለጎን ከፈትኩ። አንዱ ወደ 192.168.1.1፣ ማለትም ወደ ራውተሩ ራሱ። ሌላው ወደ 8.8.8.8፣ ውጭ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ሰርቨር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ውጭው ብቻ ከጠፋ ችግሩ የመስመሩ ነው፣ ሁለቱም በኬብል ከጠፉ የዋይፋይ ጉዳይ አይደለም። ምሽት 2:40 ላይ ሁለቱም እኩል ቆሙ። ቀና ብዬ ራውተሩን አየሁት። መብራቶቹ በሙሉ ጠፍተው አንድ በአንድ እየበሩ ነው። የቅንብር ገጹን ስከፍት «ከበራ 1 ደቂቃ» ይላል።

ዋይፋዩ አልጠፋም ነበር። ራውተሩ ነው ራሱን አጥፍቶ የሚነሳው።

አዳፕተሩን ነቀልኩና ጀርባውን አነበብኩ። 12 ቮልት፣ 1 አምፔር። የአዲሱ ካርቶን ውስጥ የቀረው ደግሞ 12 ቮልት፣ 2 አምፔር። ቮልቱ ስለገጠመ አምፔሩን አላየሁትም። በቴስተር ለካሁት፤ ባዶውን 12.2 ቮልት። በራውተሩ ላይ ተሰክቶ፣ ማታ ሁሉም ሰው ቪዲዮ ሲያይ፣ 10.4። ቀን ቤቱ ውስጥ የሚጠቀም ሰው ስለሌለ ይችለዋል፣ ማታ ጭነቱ ሲበዛ ጉልበት ያጥረውና ወድቆ ይነሳል።

ትክክለኛውን አዳፕተር በኤክስቴንሽን አደረስኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ራሱን አላጠፋም። ቀን 6 ላይ የጻፍኳትን «አንዲት ነገር ብቻ» ተመልሼ ሳነብ ሳቅኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ግን አልሳቀም፤ ኦንላይን ፈተና ላይ ነበር አንዱ ማታ።

ሳምንት 3፣ ኬብል

እናቴ ክፍል -67 ነው፤ አፋፍ ላይ። በሩ ሲዘጋ -70 ይሆናል። ሪፒተር ልግዛ ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ርካሹ ዓይነት በአንድ ሬዲዮ ይቀበልና በዚያው ሬዲዮ መልሶ ያስተላልፋል፤ እያንዳንዷ ዳታ አየሩን ሁለቴ ስለምትይዝ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ኬብል ስቤ አሮጌውን ራውተር እናቴ ክፍል ላድርገው አልኩ።

ካት5ኢ የሚባል የኔትወርክ ኬብል፣ 20 ሜትር። የኢተርኔት ወሰን 100 ሜትር ስለሆነ ርቀቱ አያሳስብም። በትራፓኖ ከበሩ በላይ ሁለት ቀዳዳ። ኮኔክተሩ ቀድሞ የታሰረ ኬብል ብገዛ ኖሮ ቀዳዳው ሰፊ መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ ጫፉን ራሴ ለማሰር ወሰንኩ። ክሪምፐሩን፣ ኮኔክተሩን ጨምቆ የሚያስረውን መሣሪያ፣ ከጓደኛ ተዋስኩ።

ኬብሉን ስትልጠው ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ተጠማዝዘው ይወጣሉ። ትፈታቸዋለህ፣ በጣትህ እያሸህ ታቃናቸዋለህ፣ ከዚያ ትደረድራቸዋለህ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴዎቹ ሰማያዊዎቹን አቅፈው እንደሚቀመጡ ልብ በል። እኔ የመጀመሪያውን ጫፍ አረንጓዴን ከአረንጓዴ አጠገብ አድርጌ አበላሸሁት። ደርድረህ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጨምቀህ ይዘህ ጫፋቸውን እኩል ትቆርጣለህ። አሁን ከለቀቅካቸው ሁሉም ወደየፊናው ይሄዳል። ሳትለቅ ኮኔክተሩ ውስጥ ትገፋቸዋለህ፣ የስምንቱም መዳብ ከፊት በፕላስቲኩ በኩል እስኪታይ። ከዚያ ክሪምፐሩን ጭምቅ። አራት ኮኔክተር ጨረስኩ፣ ሁለቱ ቅርጫት ገቡ።

ላፕቶፑን በአዲሱ ኬብል ሰካሁ። ኢንተርኔት አለ። ደስ ብሎኝ ልሰበስብ ስል የግንኙነቱን ፍጥነት አየሁ፦ 100 ሜጋቢት። 1000 ነው ማለት የነበረበት። ኔትወርኩ እየሠራ ኬብሉ የተበላሸ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው አራቱን ሽቦዎች ብቻ ነው፤ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛውን። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ጫፉን በስልክ መብራት አየሁት፤ ቡናማው መዳብ ከሌሎቹ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደኋላ ቀርቷል። ቆርጬ እንደገና አሰርኩ። 1000 አለ።

ከዚያ ነው የአሮጌውን ራውተር ጀርባ ያየሁት። ወደቦቹ በሙሉ 100 ሜጋቢት ብቻ ናቸው። የበላሁት አንድ ሰዓት ለሚቀጥለው ራውተር ይሁነኝ።

ሳምንት 3፣ ሁለት ራውተር በአንድ ቤት

ይሄ ክፍል ነው በጣም ያስቸገረኝ።

ሁለቱም ራውተሮች አድራሻቸው 192.168.1.1 ነው። መጀመሪያ አገናኝቻቸው ከዚያ ቅንብር ልሠራ አልኩ። ገጹን ስከፍት የመጣልኝ የአዲሱ ነው፣ እኔ አሮጌውን መስሎኝ የዋይፋዩን ስም ቀየርኩ። ከሳሎን ጩኸት ሰማሁ። መልሼ አስተካከልኩ፣ ነጠልኳቸው፣ አሮጌውን ብቻውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኘሁና አድራሻውን 192.168.1.2 አደረግኩት። ኬብሉንም ዋን በሚለው (የውጭው መስመር በሚገባበት) ወደብ ሳይሆን ላን በሚለው (የቤት ውስጡ) ሰካሁት። ዋን ላይ ከሰካኸው ቤት ውስጥ ሌላ ቤት ይሠራል፤ እናቴ ፕሪንተሯን አታገኛትም።

የኔ ስልክ ሠራ። እናቴ ክፍል -35። አለቀ ብዬ ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

ማታ እናቴ፦ «ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ምንም አይከፍትም።» ሄጄ አየሁት፤ እውነቷን ነው፣ ምልክቱ ሙሉ፣ ኢንተርኔት የለም። የኔ ስልክ እዚያው ክፍል ውስጥ ይሠራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳሎን ያለው የወንድሜ ላፕቶፕም እንዲሁ ሆነ፤ እሱ እኮ አሮጌው ራውተር አጠገብም አልደረሰም!

የእናቴን ስልክ የኔትወርክ ዝርዝር ከፈትኩ። ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት መውጫው)፦ 192.168.1.2። የወንድሜም ያው። የኔ፦ 192.168.1.1።

የአሮጌውን ዲኤችሲፒ፣ ማለትም አድራሻ አዳዩን፣ ማጥፋት ረስቻለሁ። ስልክ ወደ ኔትወርክ ሲገባ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ለሁሉም ይጮኻል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀድሞ የመለሰለትን ይይዛል። ቤቱ ውስጥ አሁን መላሾቹ ሁለት ናቸው። አዲሱ ከቀደመ ሁሉ ሰላም ነው። አሮጌው ከቀደመ «መውጫው በር እኔ ነኝ» ይላል፣ ዋኑ ላይ ግን ምንም አልተሰካም። ሰውዬው የሚሄድበት የለውም። ኬብሉ ሁለቱን አንድ ኔትወርክ ስላደረጋቸው ሳሎን ያለም ሰው በአሮጌው መልስ ሊጠለፍ ይችላል።

አጠፋሁት። የእናቴ ስልክ ግን አሁንም አልሠራም። ግማሽ ሰዓት ሌላ ጥፋት ስፈልግ ቆየሁ። ለካ ቀድሞ የተሰጠውን አድራሻ ይዞ ነው የተቀመጠው፤ የኪራይ ጊዜው 24 ሰዓት ነው። ዋይፋዩን አጥፍቼ ሳበራው አዲስ አድራሻ ወሰደ፣ ጌትዌይ 192.168.1.1፣ ሠራ።

ሳምንት 4

ለሁለቱም አንድ ስም፣ አንድ ፓስወርድ ሰጠሁ። ቻናሉ ግን ለየብቻ፤ ሳሎን 11፣ ኋላ 1። እናቴ ከሳሎን ወደ ክፍሏ ስትሄድ ስልኳ የሳሎኑን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ይቀራል። የት እንደሚገናኝ የሚወስነው ስልኩ ነው፣ ራውተሩ አይደለም። የሳሎኑን የ2.4 ኃይል ወደ መካከለኛ አወረድኩት። አሁን ኮሪደሩ መሃል ላይ ይለቀዋል። ኃይል ቀንሼ ዋይፋይ የተሻለበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ቀረ። ምሳ ሰዓት ላይ የእናቴ ጥሪ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይደርቅና ይመለሳል። ከሳምንት 2 በኋላ ቸኩዬ ምንም አልነካሁም። ፒንግ ከፍቼ ጠበቅኩ። 9፣ 11፣ 9፣ ከዚያ 340፣ ጠፋ፣ 280፣ ጠፋ። ከወጥ ቤት የማይክሮዌቭ ድምፅ ይሰማል። ጲጥ ብሎ ሲጠፋ፣ 9። ማይክሮዌቭ የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ ጥቂት ያፈስሳል፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ የእናቴን ክፍል ግድግዳ ይጋራል። አሮጌው ራውተር 5 ጊጋኸርዝ የለውም። ቻናሉን ከ1 ወደ 6 ቀየርኩ፣ ባሰ። ወደ 1 መለስኩት።

ቀጣዩ ሙከራ አሮጌውን ራውተር ከወጥ ቤቱ ግድግዳ አንስቼ ወደ መስኮቱ በኩል መውሰድ ነው። ኬብሉ ግን ለዚያ አንድ ሜትር ተኩል ያጥራል፤ ክሪምፐሩንም መልሻለሁ።

እናቴ እስከዚያው የራሷን መፍትሔ አግኝታለች። ዛሬ ቪዲዮ ላይ ሆና ወደ ወጥ ቤት ስትጣራ ሰማኋት፦ «ማነው ያበራው? አጥፉልኝ፣ ሰው እያናገርኩ ነው!»